ጓዳዬ ጋራዥ አይደለም

«ምነው ጓዳህ ጋራዥ መሰለ? ቆርቆሮ በቆርቆሮ!» አለኝ የሮቤ ወዳጄ፣ ገና ከደጅ ሳይገባ።

«ጋራዥ የቆመ መኪና ያስነሳል፤ የእኔ ጓዳ የቆመ እንግዳ ያስቀምጣል። ግባና ቁጭ በል!»

ባሌ ውስጥ የታሸገ ምግብ ከተነሳ ተረቡ ይዘንባል። ሳልሳና ቱና ብቻ ከሆነ ማንም አይናገርህም፤ የመርቲን ማርማላታ የማያውቅ ከተሜ የለም። ከዚያ አልፈህ ፉል፣ ባሚያ፣ እንጉዳይ፣ የኮኮናት ወተት ስትደረድር ነው ምላስ ሁሉ የሚሳለው። ይሳል! መልስ አላጣም።

«በድን በሣጥን ትበላለህ አሉ።»

«ቋንጣህ ነፍስ አለው እንዴ? ያንተ በሬ በገመድ ተሰቀለ፣ የእኔ በቆርቆሮ ተኛ። ሁለቱም የሚፈለጉት አርዶ መብላት በማይቻልበት ቀን ነው።»

ይህን የምለው ለማሸነፍ ብቻ አይደለም። አርሲና ባሌ ጭኮን የሚያህል ስንቅ ያወጡ አገሮች ናቸው። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ከዚያ በኋላ እሳት ሳያስፈልገው ከርሞ ይበላል። መንገደኛ እሱን ይዞ ተራራ ይሻገራል። የጭኮ ልጅ ሆኖ በስንቅ የሚስቅ ሰው ይገርመኛል።

ቆርቆሮም ቢሆን የተወለደው ለመንገደኛ ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብ በጠርሙስ አሽጎ፣ ቀቅሎ ሳይበላሽ ማቆየት ስለቻለ እ.ኤ.አ. በ1810 ከአገሩ መንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ጠርሙሱን በቆርቆሮ ተኩ። መክፈቻው ግን እስከ 1850ዎቹ አልመጣም፤ ወታደሩ ምሳውን በመዶሻና በመሮ ነበር የሚከፍተው።

«ታዲያ አንተስ በምን ትከፍታለህ? በጥርስህ?»

«በመክፈቻ፤ ከቆርቆሮው ጋር ነው የገዛሁት። ሶፍ ዑመር ስትሄድ የረሳኸው አንተ ነህ።» ረስቶ ነበር። 15 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ዋሻ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቱናውን በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ዘይቱ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ዋሻው ያለበት፣ ከጎሮ ወዲያ ያለው ቆላ ደግሞ ሱቅ ፍለጋ የሚዞሩበት አይደለም።

የአንዲት የጎባ ወይዘሮ ተረብ ግን ከበድ ይላል። «ባቄላ በኩንታል በሚሸመትበት አገር የባቄላ ቆርቆሮ ትገዛለህ? ገንዘብህ ጠላህ እንዴ?»

«እትዬ፣ ባቄላውስ ሞልቶዎታል፤ ማገዶውስ?»

ሳቁ። የሚያውቁት ነገር ነውና። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጎባ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ሮቤ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ 4,000 ሜትር በሚደርሰው የሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ 87 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ ወዲያ ብትማግዱ እንጨቱ ያልቃል እንጂ የድስቱ ሙቀት ፈቀቅ አይልም። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ እንኳ ደጋ ላይ ግማሽ ቀን የሚያስጥደው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ግን ቆርቆሮውን አሽጎ፣ በግፊት 121 ዲግሪ አካባቢ ያበስለዋል። ከፉሉ ጋር የምገዛው ደጋው የነፈገኝን ያንን ሙቀት ነው።

«ፕሬዠር ኩከር ግዛ!»

«ገዝቻለሁ። ሳነቴ ድረስ ትሸከምልኛለህ?»

እዚህ ላይ ተረቡ ይቁም። ይህንኑ ሰምቶ «እኔም ቤቴ አሽጋለሁ» የሚል አይጠፋም። ሥጋና ጥራጥሬ ቤት ውስጥ በተራ ድስት ቀቅሎ ማሸግ ሰው ይገድላል፤ የቦቱሊዝም መርዝ የሚያመነጨው ተህዋሲ ዘር በሚፈላ ውሃ አይሞትም። ከሱቅ የተገዛ ቆርቆሮም ቢሆን ካበጠ፣ ካንጠባጠበ ወይም መጋጠሚያው ላይ ከተጨረማመተ ሳይቀመስ ይጣል። ዋጋው አያሳሳችሁ።

የፉል ቆርቆሮ መጀመሪያ ሲከፈት አያምርም፤ ቡናማና ወፍራም ውሃ ነው ከላይ የሚታየው። ውሃውን አትድፉት። እንዳለ አሙቁት፣ ግማሹን ባቄላ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቁት፣ ከሙን ነስንሱበት፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፋችሁ አልብሱት፣ ሎሚና ዘይት ጣል አድርጉ። በትኩስ ዳቦ ቅመሱትና ከዚያ ተርቡኝ።

«ሥጋውስ የማን እርድ ነው?» ይህ የሚያስከብር ጥያቄ ነው። ሮቤ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ አንድ ገበታ ይቀርባሉ፣ እርዱ ግን የየራስ ነው። እርዱ በግልጽ ያልተጻፈበት የሥጋ ቆርቆሮ እኔ ጓዳ አይገባም። ፉልና ሽምብራ ማንንም ከገበታ አያስነሱም፤ ጓዳዬን የሞሉትም ለዚህ ነው።

«ዓሣውስ? ዓሣ ለባሌ ሰው ባዕድ ነው!»

«ትራውትስ? ከኬንያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዳንካ ወንዝ የተለቀቀ ዓሣ ነው። ዛሬ ከአንተ በላይ የባሌ ሰው ሆኗል!»

የማይጥመውንም እናገራለሁ። የታሸገ ስፒናች ከባሌ ጎመን አጠገብ አይቀመጥም፤ ጎመናችን እያለ አትድከሙ። እንጉዳዩ ለብቻው ያንሸራትታል፤ ሽንኩርትና በርበሬ ሲነካው ግን ደህና የጾም ጥብስ ይወጣዋል። የኮኮናት ወተት አልጫ ምስር ላይ ሞክረን ልጆቹ ድስቱን ጠርገው በሉት። ይህ ሁሉ የታወቀው በደህና ቀን ስለተሞከረ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መንገድ የተዘጋ፣ እንግዳ የመጣ ዕለት ያልቀመሱትን ቆርቆሮ ከፍቶ ቤተሰብ ማስቀየም ምን ይሉታል? አንድ ብቻ ግዙ፣ በተራ ቀን ክፈቱ፣ ቤቱ ከወደደው ሁለተኛ ጨምሩ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ግን አለ። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ የምትጠራ አገር ናት። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ከሮቤ አጠገብ ሆኖ ለደጋው የሚስማማ የባቄላ ዝርያ ሲያወጣ ኖሯል። በእጄ ያለው የፉል ቆርቆሮ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ወይዘሮዋ «ገንዘብህ ጠላህ እንዴ?» ያሉኝ እዚህ ላይ ቢሆን መልስ አልነበረኝም። ገንዘብ ያላችሁ፣ ፋብሪካ የማቆም ሐሳብ ያላችሁ የባሌ ልጆች፣ የሲናናን ባቄላ አብስላችሁ፣ አሽጋችሁ አምጡልን። የመጀመሪያውን ካርቶን እኔ እገዛለሁ።