ታሪኩ ከረዘመ አንገቱን ቁረጡት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ሥር በተኛበት ሰዓት የእህቴን ልጅ ፍለጋ አንድ ጌም ቤት ገባሁ። ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ልጁ ጆይስቲክ ጨብጦ እሳት የሚተፋ ፍጥረት ላይ ያለ ርኅራኄ ይተኩሳል።

«ይሄ ምን አድርጎህ ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ፣ ዛሬ ነው የጀመርኩት።»

አጠገቡ የተቀመጠው ጎረምሳ ዞር ብሎ ሳያየኝ ፈረደ፦ «አቦ አታስጨንቀው! ታሪኩ ድሮ ነው የተጀመረው፤ ዝም ብሎ ይምታ!»

እንደ ማንኛውም ኋላ ቀር ሰው ተቆጣሁ። ነገሩን ሳጣራ ግን ጎረምሳው በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰው ታላላቆቹ የጌም ኩባንያዎች ዓመታት አስበው የደረሱበትን ጥበብ መሆኑ ገባኝና አፈርኩ።

ችግራቸው እንዲህ ነው። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም እንደ ፊልም «ተፈጸመ» አይልም። በየዓመቱ ምዕራፍ ይጨመርበታል፤ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ይሄዳል። ዛሬ የሚገባ ተጫዋች ሠርጉ አልፎ መልሱ ላይ እንደ ደረሰ እንግዳ ነው፦ ሙሽራዋ የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም፣ ሁሉም ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ደግ አስተናጋጅ ቢሆን አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ያቺ የእከሌ ልጅ ናት፣ ያኛው ደግሞ ከእሱ ጋር ተኳርፎ የታረቀው ነው» ይለዋል። ይህ ግን ጊዜ ይፈጃል። ከዚህ የሚፈጥን መላ ተገኝቷል።

ቡንጂ የተባለው ኩባንያ ዴስቲኒ 2ን እ.ኤ.አ. በ2017 (የጌሞቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሲያወጣ ታሪኩ የሚጀምረው «ቀዩ ጦርነት» በሚባል ዘመቻ ነበር። በኅዳር 2020 ጌሙ በጣም ገዘፈብን አለና መክፈቻውን ነቅሎ አወጣው። ማርስና ሜርኩሪም አብረው ሄዱ፤ እውነቴን ነው፣ ፕላኔት አነሱ። በ2022 ደግሞ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ሌላ ዘመቻ ደገሙ። ይህን መሰረዝ አላሉትም፤ «ካዝና ውስጥ አስቀመጥነው» አሉ። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! አዲሱ ተጫዋች ያላነበበው ምዕራፍ እንዳይቆጨው ምዕራፉን ማጥፋት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች አለ የተባለው ሰውዬ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?

የካዝናው ነገር በዚህ አላበቃም። አንድ ደራሲ «የቀዩን ጦርነት ታሪክ ከእኔ ጽሑፍ ወስዳችኋል» ብሎ አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። እነሱም ታሪካችን ከእሱ እንደማይመሳሰል ይታይልን ብለው ተነሡ። ግን ምን ያሳዩ? ዘመቻው ከጌሙ ወጥቷል። ስለዚህ ሌሎች ዩቲዩብ ላይ የለጠፏቸውን ቪዲዮዎች ለዳኛዋ አቀረቡ። ዳኛዋ በ2025 ይህን ማስረጃ አልቀበልም ብለው ክሱ እንዲቀጥል አደረጉ። የራሱን ታሪክ ከጎረቤት የተዋሰ ባለቤት እንግዲህ እዚህ ደርሷል።

ሁለተኛው መላ ንግድ የገባው ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 ተጀምሮ ዛሬም አለ። በ2014 ስድሳ ዶላር ለሚከፍል ሰው ባለታሪኩን በአንድ ጊዜ ዘጠናኛው ሌቭል ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ሸጠ። ፋይናል ፋንታሲ 14ም ከ2017 ጀምሮ ታሪኩን መዝለያ በገንዘብ ያቀርባል። ሒሳቡን ልብ በሉልኝ፦ ታሪኩን ለማየት ትከፍላለህ፣ ከዚያ ታሪኩን ላለማየት ትከፍላለህ። ድግስ ተጠርቶ ሳይበላ ለመውጣት ለዘበኛው ጉቦ የሚሰጥ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሦስተኛው መላ ጊዜን ማገላበጥ ነው። ዋርክራፍት በ2010 አንድ ዘንዶ ዓለሙን ሲያፈራርስ አሳይቶ የድሮዎቹን ሀገሮች እንደ አዲስ ሠራቸው። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የገባ ጀማሪ ዓለም ፈርሳ ያገኛት ነበር፤ ትንሽ ሲጎለምስ ከመፍረሷ በፊት ወደሆነው ጦርነት ይላክ ነበር፤ ከዚያ ሲመለስ ዘንዶው ገና አሁን መጣ ይሉት ነበር። አያት ከልጅ ልጁ ጡት ሲጠባ ማለት ነው። በ2020 ደግሞ ክሮሚ የምትባል የጊዜ ጠባቂ ዘንዶ መደቡ፤ እሷም ነባሩን ተጫዋች «የትኛው ዘመን ይሻልሃል?» ትለው ጀመር። ምርጫው ዘመኖቹን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነበር፤ ምንም የማያውቀውን ጀማሪ ማንም አልጠየቀውም።

(በዚያው ዓመት የፋይናል ፋንታሲ ሰዎች መላላክ የበዛባቸውን የመጀመሪያውን ክፍል ተልእኮዎች አሳጥረው፣ ታሪኩን ግን በቦታው ትተውታል። ይህ ደህና ሥራ ነው። ደህና ሥራ ሽሙጥ ስለሚያበላሽ ባጭሩ አልፌዋለሁ።)

እንግዲህ ይህ ጥበብ ለጌም ብቻ ለምን ይቀራል? ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው በእኛ ከተማ ነው፤ ለሙከራ ለምደናል። የድሬዳዋም ታሪክ ረዝሟል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ለምን ይንገላታል? እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

በ1895 ዓ.ም. የደረሰው ባቡር ካዝና ይግባ። ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር ሊወጣ አስቦ፣ ተራራው ከብዶት ቆላው ላይ ቆመ፤ ከተማችንም አዲስ ሐረር ተባለች የሚለው ወሬ ለጀማሪ ይከብዳል። መስከረም 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር እንጀምርለት። አሮጌው ጣቢያ ከዚራ ሠፈር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከጠየቀ፣ «ጌጥ ነው» ይባል። የከዚራ ጎዳና ለምን እንደ ክር ቀጥ እንዳለና የመጋላ ሠፈር መንገድ ለምን እንደሚጠማዘዝ ማወቅ የፈለገ ስድሳ ዶላር ይክፈል። እርስ በርስ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምንቀላቅልበት ምክንያትም ይነቀል፤ እንግዳው በምልክት ይግባባ።

የደቻቱ ወንዝም ይነሣ። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አዲስ የመጣ ሰው ዳር ዳሩን አይቶ «እዚህ ቤት መከራየት ምን ያህል ያረካል!» ሲል ደስታውን ለምን እናደፈርስበታለን? በ1998 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ጎርፉ ተኝተው የነበሩ ሰዎችን እንደ ወሰደ መንገር ጀማሪን ማስጨነቅ ነው። ዝም ብሎ ይከራይ።

ዕቅዴን የሚያሰናክል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሠፈራችን ያለው የምድር ባቡር ጡረተኛ። በርጫ ላይ አዲስ ሰው ካየ «ና ቁጭ በል አቦ፣ ከየት ነህ?» ይላል። ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም፤ ትረካው ከጅቡቲ ይነሣል። መዝለያ የለውም፣ ማሳጠሪያ የለውም፣ ገንዘብም አይቀበልም። አንዱ ጥያቄ ቢያነሳበት ሻሂውን ቀድቶለት ሁለት ጣቢያ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ከጌም ቤት አውጥቼ ወደ ቤት ስወስደው ጡረተኛው በሩ ላይ ያዘብኝ። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተቀመጡ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ አልገባም። ጭራሽ ሁለተኛው ቀን ላይ ሐዲዱን ማን እንዳነጠፈ ተጠይቆ እንደገና ከባሕሩ ጀምሯል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ልጁ ነገም በስንት ሰዓት ልምጣ ብሎ ይጠይቀዋል።