ሁሉም ቁራጩን ይሸጣል፣ ማገጣጠሙ የእኛ ዕዳ ነው

ሰው ደክሞት ዕረፍት ይመኛል፤ ዕረፍቱን ለማሰናዳት ሲነሳ ደግሞ ከሥራው የባሰ ድካም ይጠብቀዋል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ ይህን ያልተማረረ የለም። ትልልቆቹን መዳረሻዎች ማለቴ አይደለም። ካንኩን ወይም ፑንታ ካና መሄድ የፈለገ ሰው በረራው፣ ሆቴሉና ምግቡ በአንድ ክፍያ ተጠቅልሎ ይሸጥለታል። የእኔ እሮሮ ስለ ትንንሾቹ የካሪቢያን ደሴቶች ነው። ጸጥታ የናፈቀው ሰው የሚመኘው እነሱን ነው፤ መንገዳቸው ግን ገና ከቤት ሳይወጣ ጉልበቱን ይጨርሰዋል።

ሳባን እንውሰድ። በሰሜን ምሥራቅ ካሪቢያን፣ በኔዘርላንድስ ሥር የምትተዳደር 13 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሆን ደሴት ናት። ነዋሪዎቿ 2,000 ገደማ ናቸው። መላዋ ደሴት ከባሕር ቀጥ ብሎ የወጣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ስትሆን፣ ጫፏ ማውንት ሲነሪ ከ850 ሜትር በላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጉም አይለየውም። እንደ ሌሎቹ ደሴቶች ረጅም ነጭ አሸዋ የላትም። ያላት ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ የድንጋይ ደረጃ የተሠራለት የእግር መንገድ፣ ቀይ ጣሪያ ያላቸው ነጫጭ ቤቶችና ከ1987 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ጀምሮ እንደ ፓርክ የሚጠበቅ ባሕር ነው። ደሴቲቱ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። የሚያማርረኝ ከእኛ ቤት እስከ እሷ ባለው መንገድ ላይ እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ቁራጭ ብቻ እየሸጠ፣ ቁራጮቹን የማገጣጠሙን ሥራና አልገጣጠም ሲሉ የሚመጣውን ኪሳራ ለተጓዡ ጥሎ መሄዱ ነው።

መከራው ከቀኑ ይጀምራል። በአሜሪካ አሠሪ ለሠራተኛው ደመወዝ ያልተቆረጠበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ ነርሷ ፈረቃዋን ከወራት በፊት ማስተካከል አለባት። ኡበር የሚነዳው ወንድማችን መኪናው የቆመችበት ቀን ሁሉ ከኪሱ ይወጣል። ልጆች ያሉት ደግሞ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ተስተካከለ እንበል። አየሩ የሚያምረው ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው፤ ዋጋው ጣሪያ የሚነካውም ያኔ ነው፤ ዐቢይ ጾምም አብዛኛው የሚውለው በዚሁ ውስጥ ነው። ምግብ ቤቶቿ በጣት በሚቆጠሩባት ደሴት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የጸዳ ምግብ ለሳምንት ማግኘት አስቀድሞ ደውሎ መነጋገርን ይጠይቃል። ዋጋው የሚወርድበት ክረምት ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30። ዋናው አስፈሪ ጊዜ ኦገስት አጋማሽ ላይ ሲጀምር ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። ጾሙም፣ ፈረቃውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ነፋሱም የሚፈቅዱት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሌላው ሁሉ አብሮ ይሻማል።

ከዚያ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም "እኔ አለሁ" ይላል። ቀብድ ክፈሉ ሲባል ግሩፑ ጭር ይላል። አንዱ ደመወዝ እስኪገባ ይላል፤ አንዷ ባለቤቴን ላማክር ትላለች፤ ሌላው መልእክቱን አይቶ ዝም ይላል። በየቤተሰቡ ይህን ሁሉ የምትሸከም አንዲት ሰው አለች። ከሥራ መልስ ልጆቿን አስተኝታ ኮምፒዩተር ላይ የምትቀመጠው፣ የሁሉንም ሰው ትኬት በራሷ ካርድ የምትይዘው፣ ገንዘቧን ለማስመለስ ወንድምና እህቶቿን ለመለማመጥ የምትገደደው እሷ ናት። ዝም የሚሉትንም አልፈርድባቸውም። ሰው አንዴ ከከፈለ የማይመለስለትን ገንዘብ፣ መሳካቱን በማያውቀው ጉዞ ላይ ማሰር ይፈራል። ፍርሃቱ ልክ ነው። ፍርሃቱን ያመጡት አንድ ሳንቲም አይመለስም ብለው የሚሸጡት ሆነው ሳለ እኛ ግን እርስ በርሳችን እንቀያየማለን።

የዋጋው ነገርም ያሳዝናል። በአሜሪካ ከ2012 ወዲህ የአየር መንገድ ማስታወቂያ ግብሩን ጨምሮ ሙሉውን የትኬት ዋጋ እንዲያሳይ ደንብ ወጥቷል። ጥሩ ነበር። ሻንጣውና መቀመጫው ግን ከትኬቱ ተነጥለው ለየብቻ ይሸጣሉ፤ እናት ከትንሽ ልጇ አጠገብ ለመቀመጥ ተጨማሪ ክፈይ የምትባልበት ጊዜ አለ። ሆቴሎችና ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ ቤቶች የግዴታ ክፍያዎቻቸውን ደብቀው እንዳያስተዋውቁ የሚከለክለው የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ሥራ ላይ የዋለው ሜይ 12 ቀን 2025 ነው። ስንት ዓመት በመጨረሻው ገጽ ላይ በሚወጣ ቁጥር ስንደነግጥ ኖረን! አሁንም ቢሆን አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ደንቡ የማይደርስበት ሻጭ ጋ አዳሩ በአንድ ዋጋ ይቀርብና የክፍል ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የጽዳት፣ የካርድ እየተባለ ይከመርበታል። ለደሴቲቱ ደንና የእግር መንገድ መጠበቂያ የሚጠየቀውን መዋጮ በደስታ እከፍላለሁ፤ የሚገባው ቦታ ይገባል። የምለምነው ድምሩን መጀመሪያ ንገሩኝ ብዬ ብቻ ነው። አምስት ቤተሰብ የሚያስተባብር ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ሳያውቅ ማንን ምን ያህል ብሎ ይጠይቃል?

ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ቁራጭ መንገድ ነው። የሳባ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ 400 ሜትር ነው፤ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ከሚያስተናግዱት ሁሉ አጭሩ ነው። በሁለቱም ጫፍ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር። ትልቅ አውሮፕላን አያርፍበትም። መንገደኛ መጀመሪያ ሴንት ማርተን ያርፍና ከዚያ 19 ሰው ገደማ በምትጭን ትዊን ኦተር ወደ 45 ኪሎ ሜትር ይሻገራል። በረራው ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚበረረው፤ ነፋሱ ከበረታ ይሰረዛል። ጀልባም አለ፤ የሚነሳበት ቀንና ሰዓት ግን የተቆጠረ ነው፤ ማዕበል ሲነሳ እሱም ይቀራል። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ተራራውን ማንም አላስቀመጠውም፣ ነፋሱንም የሚያዝዘው የለም። አብራሪው አልችልም ካለ አልችልም ማለቱ ሕይወታችንን ለማትረፍ ነው።

የምወቅሰው ወረቀቱን ነው። ከዋሽንግተን ሴንት ማርተን የሚያደርሰውና ከሴንት ማርተን ሳባ የሚያሻግረው ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ውሎች ናቸው። አውሮፕላን ለመቀየር ያረፍንባት ማያሚ ላይ ሁለት ሰዓት ከዘገየን ትንሿ አውሮፕላን ትታን ትሄዳለች፤ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ሌላ በረራ የለም። የመጀመሪያው አየር መንገድ "ሴንት ማርተን አድርሻችኋለሁ" ይላል። ሁለተኛው "በሰዓቴ ተነስቻለሁ" ይላል። በየውላቸው ሁለቱም ልክ ናቸው። የዚያች ሌሊት መኝታ፣ በማግስቱ የሚገዛው ትኬት፣ ሳባ ላይ ተከፍሎበት ሳይታደርበት የሚቀረው ክፍል ግን ከእኛ ኪስ ነው። ሻንጣውም እንዲሁ ነው፤ ለትልቁ አውሮፕላን የተፈቀደው ክብደት ለትንሿ ይበዛባታል፤ ስለዚህ አንዱ ኪሎ ሁለቴ ይከፈልበታል፣ ወይም ሻንጣው በሚቀጥለው በረራ ይመጣል ተብሎ ሰው ያለ ልብስና ያለ መድኃኒት ይሻገራል። እንዲህ ባለ መቀያየሪያ ላይ እኔም ቆሜ አውቃለሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሁት ነበረች፤ ከልቧ ልትረዳኝ ፈልጋለች፤ ግን የሌላው ድርጅት ትኬት ኮምፒዩተሯ ላይ አይታይም። እሷም እኔም አቅም አልነበረንም። ያንን ክፍተት የፈጠሩት ሰዎች አንድም ጊዜ መስኮቱ ላይ አይቆሙም።

በዚህ ላይ የእኛ ሰው የወረቀት ጣጣ አለው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ አንዷ ግሪን ካርድ፣ እናት ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ይገኛሉ። ሴንት ማርተን ራሷ ለሁለት የተከፈለች ደሴት ናት፤ ደቡቧ ከኔዘርላንድስ መንግሥት አንዱ አካል ነው፣ ሰሜኗ የፈረንሳይ ነው። በመካከላቸው የሚያስቆም ኬላ የለም፤ የመግቢያ ሕጋቸው ግን ለየብቻ ነው፤ ሁለቱም ከሸንገን ክልል ውጭ ናቸው። ግሪን ካርድ በአንዱ በኩል ስላስገባ በሌላውም ያስገባል ማለት አይደለም። ቤት የተከራየነው በሰሜን፣ ትንሿን አውሮፕላን የምንሳፈረው በደቡብ ከሆነ ሁለቱንም ሕግ ማወቅ ግድ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ትረፍ ብሎ ያሰበማ ልቡ ይሰበራል። ከአዲስ አበባ ወደ ካሪቢያን ቀጥታ በረራ የለም። በአሜሪካ በኩል ለማለፍ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢሆንም ቪዛ ያስፈልጋል። በአውሮፓ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያ የሸንገን አገሮች በአውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ እንኳ ቪዛ ከሚጠይቋቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች። ለሰባት ቀን ዕረፍት አንዲት አረጋዊት እናት የሦስት መንግሥት ወረቀት ትሰብስብ ማለት ነው። የሚፈለገውን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚናገር የለም፤ ኤምባሲው ወደ አየር መንገዱ፣ አየር መንገዱ ወደ ኤምባሲው ይመራል።

ኢንሹራንስ ግዙ እንባላለን። ገዛን እንበል። አውሎ ነፋስ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ በዚያው ነፋስ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍልም፤ ስለዚህ ትንበያውን አይቶ የሚወስን ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። በፈለግኩት ምክንያት ልሰርዝ የሚለው ዓይነት ውል አለ፤ እሱም የመጀመሪያው ቀብድ ከተከፈለ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተገዛ አይገኝም፤ የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ገንዘቡ በጥሬው ሳይመለስ ለሌላ ጊዜ ጉዞ ይያዝላችሁ የሚባለውስ? ቀን ተቆርጦለት፣ ስም የማይቀየርበት ሆኖ ይሰጣል። የዓመት ፈቃዳችን ካለቀ በኋላ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የደሴቶቹን ሰዎች አልረሳሁም። እኛን በዓመት አንዴ የሚያማርረን ነገር ለእነሱ የዘወትር ኑሮ ነው። ሳባ ላይ ከትንሿ ሆስፒታል አቅም በላይ የታመመ ሰው በአየር ወደ ሌላ ደሴት መወሰድ አለበት። ለብዙ አሥርት ዓመታት የምሥራቅ ካሪቢያንን ደሴቶች ሲያገናኝ የኖረው ሊያት አየር መንገድ በ2020 ሲወድቅ ቅርብ ለቅርብ የሚተያዩ ደሴቶች ተራራቁ፤ ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ለንግድ የሚሻገር ሰው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆነበት። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 አውሎ ነፋስ ኢርማ የሴንት ማርተንን አውሮፕላን ማረፊያ ሲመታ፣ በእሱ በኩል የሚተነፍሱት ትንንሽ ደሴቶችም አብረው ታፈኑ።

የሳባ ሰዎች ደግሞ የድርሻቸውን ከሠሩ ቆይተዋል። ባለሙያዎች በዚህ ገደል ላይ መንገድ አይወጣም ባሏቸው ጊዜ ጆሴፈስ ላምበርት ሃሰል የተባለ የአገሩ ልጅ ምህንድስናን በተልዕኮ ተማረ። ከ1938 ጀምሮ ነዋሪዎቹ በእጃቸው እየቆፈሩ፣ ድንጋይ እየተሸከሙ መንገዱን አወጡት፤ በ1947 የመጀመሪያዋ መኪና ደሴቲቱ ላይ ወጣች። ዛሬም መኪና የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። ያለ ማሽን ገደል የቆረጠ ሕዝብ ባለበት፣ ሁለት ድርጅቶች ሁለት ትኬት በአንድ ውል ማሰር አቃተን ሲሉ መስማት ያንገሸግሻል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። እስከ መጨረሻዋ ደሴት አደርሳለሁ ብሎ የሚያስተዋውቅ ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ደሴት ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ አልወስድም ካለ ደግሞ ከመክፈላችን በፊት በግልጽ ይንገረን። ዋጋው በመጀመሪያው ገጽ ይደመር። የመግቢያ ሕጉን የሚያወጣው መንግሥት ለየፓስፖርቱ፣ ለየመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማንም በሚረዳው ቋንቋ በአንድ ቦታ ይጻፈው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና፣ መቀያየሪያው ላይ የቀረን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብለን ከመተው ደረሰኛችንን ይዘን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ አቤቱታ ካልተከማቸ ደንብ አይወጣም።

በእጃችን ያለውንም እናድርግ። ግሩፑ ውስጥ ለሁላችንም የምትለፋውን እህታችንን እናሳርፋት። የምንቀር ከሆነ ዛሬውኑ አንሄድም እንበላት፤ የምንሄድ ከሆነ ቀብዱን በቀኑ እንላክላት። ፓስፖርታችን መቼ እንደሚያልቅ ሳንጠየቅ አይተን እንንገራት። ስልኩን፣ ኢሜይሉን፣ የኢንሹራንሱን ውል ማንበቡን ተከፋፍለን እንያዝላት። ዕረፍቱ የሁላችንም ከሆነ ድካሙ የእሷ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።