አስፋልቱ ካለቀ በኋላ

የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ነገር አማርሮናል። መኪናው ጨርሶ የማይረባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ አልፈልግም ብሎ መተው ነው። እኛን የሚያበግነን ሞተሩ ያን ያህል ግሩም ሆኖ የተሠራ ዕቃ፣ ሆዱ፣ ክብደቱና ጥገናው ሲታይ ግን አስፋልት የማያልቅበት አገር ታስቦ የተሠራ መሆኑ ነው።

ሥራችን መስክ ነው። የገጠር የውሃ ፓምፕ እንተክላለን፣ እንጠግናለን። አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ሲጀምር ነው ሥራ የምንገባው። ከፒስታው ቀጥሎ ጋሪ የሚሄድበት ጥርጊያ አለ፣ ከዚያ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ዋልካ። በዚህ መንገድ ብቻችንን አይደለንም። የግብርና ባለሙያው፣ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያመላልሰው፣ የመብራት መስመር ጠጋኙ፣ እህል ሰብሳቢው፣ ሁሉም ኑሮው ደብል ጋቢና ላይ ነው። ወረዳ ከተማ ምሳ ቤት ተገናኝተን ስንቀመጥ ወሬው ያው ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሮሮ ሌላው ይጨርሰዋል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ሲናገሩ ምክንያቱ ገብቶናል። ነዳጅ በዶላር ነው የሚገዛው፤ መብራት የሚያመነጨው ወንዝ ግን የራሳችን ነው። ናፍጣ ፍለጋ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ያደረ ሾፌር ይህን ለመቃወም አፉን አይከፍትም፤ እኛም አንከፍትም። ያደከመን ሌላ ነው። ከቦሌ ሜክሲኮ ለሚመላለስ የቤት መኪና የታሰበው ሁሉ ለመስክ መኪናም ይበቃል መባሉ ነው።

ሞተሩን አንማም። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው ዙሩ ትንሽ ከፍ ሲል ነው፤ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ዙር ስታበዛ ጎማው ይሽከረከርና ራስህን ትቀብራለህ። ኤሌክትሪኩ ግን ጎማው ገና ሳይንቀሳቀስ ሙሉ ጉልበቱ እጅህ ላይ ነው። ፔዳሉን ቀስ ብለህ ስትነካው ድንጋይ ላይ በእርምጃ ይወጣል፤ ክላች የለ፣ ማርሽ የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ከፍታም አይበግረውም። ያለ ተርቦ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ደጋ ላይ አየር ሲያጥረው ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ እንጦጦ ላይም አዋሽ ላይም ያው ነው። አሜሪካኖቹ የሠሩት ሪቪያን አር 1 ቲ ለየጎማው የራሱ ሞተር ያለው ዓይነት አለው፤ ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃም ያቋርጣል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ያሳየው ኤሌክትሪክ ሃይሉክስም እንደ ናፍጣው 70 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሻገራል ተብሎለታል። ኤሌክትሪክና ውሃ አይስማሙም እያለ የሚፈራ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ቢረጋጋ ይሻላል፤ ባትሪው የታሸገ ነው።

ግን አንድ ሰዓት ጭቃ ውስጥ ማለፍና አሥር ዓመት ፒስታ ላይ መኖር አንድ አይደለም። ማስታወቂያው ሁሉ የሚያሳየን ያንን አንዱን ሰዓት ነው።

ክብደቱን እንይ። ሪቪያኑ ባዶውን ከ3 ቶን በላይ ነው። ባትሪው በሙሉ ከሆዱ ሥር ስለተነጠፈ መኪናው በቀላሉ አይገለበጥም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋልካ ላይ ግን ክብደት ጠላት ነው። ክረምት ላይ ያ ጥቁር አፈር ሲርስ ቀላሉን መኪና እንኳ ውጦ ያስቀረዋል፤ ከባዱን ሲይዝ ደግሞ የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቢገፋም ንቅንቅ አይልም። ድሮ አራት ጎረምሳ በጫንቃው ደግፎ ያወጣልን ነበር። በዚያ ላይ ጎማው ቶሎ ያልቃል፤ ኩሽኔታውና ሱስፔንሽኑ ቀድመው ይጮሃሉ። ጎሚስታውም ቢሆን በዚያች በለመዳት ክሪክ ሊያነሳው ሲሞክር እኛው ነን የምንሳቀቀው፤ ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ተመርጦ ካልሆነ ባትሪውን ነው የሚወጋው።

አሁን ሆዱ ጋ ደረስን። ናፍጣው መኪና ሆዱን ድንጋይ ቢመታው ቢበዛ የዘይት መያዣው ይቀደዳል፤ በሳሙናም ቢሆን ደፍነን ከተማ እንገባለን። የኤሌክትሪኩ ሆድ ግን የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ ያለበት ቦታ ነው። እኛ የገዛነው ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከሥሩ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ፕላስቲኩን የያዙት ደግሞ ጣት የማያህሉ የፕላስቲክ ቁልፎች ናቸው። ፒስታው ጠጠር ሲረጭበት ቁልፎቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ ሽፋኑ ይንጠለጠላል፤ ጭቃው በክፍተቱ ይገባና ሽፋኑና ባትሪው መሃል ይጠቀጠቃል። ፀሐይ ሲወጣ ያ ጭቃ ይደርቃል። መዶሻ እንዳንጠቀም ከላዩ ባትሪ ነው፤ በኃይለኛ ውሃ እንዳንመታው ሶኬቶች አሉ። ሾፌራችን ወደ ኋላ ተንጋሎ በእንጨት ሲቆረቁር ነው የሚውለው። ሽፋኑን በሽቦ አስረነዋል። በስንት ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና ሆዱ በሽቦ ታስሮ ሲሄድ ማየት ያሳምማል።

መቆሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። መኪና መስክ ላይ ይቆማል፤ የማይቆም መኪና የለም። በናፍጣው ጊዜ ገፍተን እናስነሳለን፣ ካልሆነም በገመድ ታስሮ ይጎተታል። ኤሌክትሪኩ ተገፍቶ አይነሳም፤ ጎማው መሬት ላይ እየተንከባለለም አይጎተትም፤ ሞተሩ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዞር እየተጎተተ መብራት ያመነጭና ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። ጫኝ መኪና ደግሞ አስፋልቱን ለቆ አይመጣም።

አንዴ የቆምነው ትልቁ ባትሪ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነው። ከትልቁ ሌላ እንደ ድሮው ያለች 12 ቮልት ባትሪ አለች፤ መኪናውን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ያን ሁሉ ጉልበት የሚከፍትልህ የለም፤ በሩ እንኳ በቁልፍ ካልሆነ አይከፈትም። አንድ አይሱዙ ደረሰልን። ልጁ ወረደና ሾፌራችንን፣ «ጋሼ፣ ገመድ አለኝ፤ እስከ ከተማ ልጎትትዎት?» አለው።

«ተባረክ ልጄ፤ ይሄኛው በገመድ አይጎተትም።»

«ታዲያ ከእኔ ባትሪ ላስነሳልዎት?»

«ያንተ 24 ነው፣ የኔ 12። እንዳታቃጥልብኝ!»

የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ከሥራ እስኪመለስ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ከእሱ ባትሪ ኬብል ዘርግተን ነው የተነሳነው። አምቡላንስ ባይኖርስ? መስክ የሚወጣ መኪና እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ስትሞትበት በሜዳ ከቀረ፣ ለምን ሁለተኛ ትንሽ ባትሪ አልተጨመረለትም? ዋጋው ከአንድ ጎማ አይበልጥም።

ርቀትና ጭነት ላይ ደግሞ ሰሚ ያጣ ጩኸት ነው የምንጮኸው። ቶዮታ የሚመካበት ኤሌክትሪክ ሃይሉክስ ባትሪው 59.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በአንድ ሙሌት የሚሄደው በመለኪያው 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የሚጭነው 715 ኪሎ ግድም ነው፤ ናፍጣው ግን ወደ አንድ ቶን ይሸከማል። የሚጎትተው 1.6 ቶን ነው፤ ናፍጣው 3.5 ይጎትታል። አዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ያውም በመሃል ዓባይ በረሃ አለ፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ እንደገና ደጀን ትወጣለህ። በቁልቁለቱ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪ ይሞላል፣ ፍሬኑም ያርፋል፤ ይህ እውነት ነው፣ የፍሬን ሸራችን ዕድሜው ረዝሟል። ነገር ግን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ባትሪህን ጢም አድርገህ ከሞላህ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ የተጫነውን ይዘህ በፍሬን ብቻ ነው የምትወርደው። ይህን ለሾፌሮቻችን ያስተማረ ሻጭ አላየንም። እርስ በርስ ተነጋግረን ነው ያወቅነው።

ነገሩ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳልሆነ ለመናገር ያህል አሜሪካንም ልጥቀስ። የፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ ትልቁን ባትሪ ሲይዝ 515 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል ተብሎ ተሸጠ፤ ከባድ ተጎታች ሲታሰርበት ግን ርቀቱ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ ፈታኞቹ ደጋግመው አሳዩ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ያንን መኪና በነበረበት መልክ መሥራቱን እንደሚያቆምና በውስጡ የነዳጅ ጄኔሬተር የሚጨመርለት ዓይነት እንደሚያመጣ አስታወቀ። የቴስላው ሳይበርትረክ ከማይዝግ ብረት ተሠርቷል፣ አይበገርም ሲባል ከርሞ፣ በዚያው ዓመት የጎኑ ብረት በማጣበቂያ ተይዞ ስለነበር እየሄደ ሊላቀቅ ይችላል ተብሎ ከ46 ሺህ በላይ መኪና ለጥገና ተጠራ። እዚያ ማጣበቂያው ከለቀቀ፣ ፒስታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የሚውለው መኪና ምን ሊሆን ነው?

ቻርጅ ማድረግ ሌላው ራስ ምታት ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አልቅሰናል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሰው ቁጥር አይደለም፣ የእኛው ነው። ነገር ግን ያ ኃይል እኛ የምናድርበት የወረዳ ከተማ አልጋ ቤት እስኪደርስ ቀጥኗል። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲለኩስ መብራቱ ይደበዝዛል። ከግድግዳ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ብናገኝ እንኳ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት 30 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ቆጣሪያቸው ሲከንፍ እያዩ ዝም ማለታቸው ደግነታቸው ነው። ፈጣን ቻርጀር ያለበት ከተማ ስንደርስ ደግሞ መሰኪያው አይገጥምም፤ አንዱ መኪና የቻይናውን ጂቢቲ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው የአውሮፓውን ሲሲኤስ 2። አንድ አገር ሁሉም የሚሰካበትን መሰኪያ መርጦ፣ የመጣው ሁሉ በዚያ ይምጣ ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው?

ስለ ስክሪኑ ብዙ አልልም፤ ሰው ሁሉ ያወራዋልና። ማራገቢያው፣ የጎማ ጉልበት መምረጫው፣ መስታወቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ገብቷል። ፒስታ ላይ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱን ስትፈልግ ሌላውን ትነካለህ። ጽሑፉ ቻይንኛ የሆነበት ሰው ደግሞ ምልክቱን በቃሉ አጥንቶ ነው የሚነዳው። ወደ ውስጥ የሚገባው የበር እጀታም አቧራ ሲጠግብ አልወጣም ይላል፤ በዝናብ በጥፍር ፈልቅቆ በር መክፈት ምን የሚሉት ዘመናዊነት ነው?

የሁሉ ማሰሪያ የዋስትና ወረቀቱ ነው። ባትሪው ለስምንት ዓመት ዋስትና አለው ተብለን ነው የገዛነው። ታችኛው መስመር ላይ ግን ካልተስተካከለ መንገድ የተነሳ የሆድ ጉዳትን አያካትትም ይላል። ያልተስተካከለ መንገድ! መኪናውን የገዛነው ለሌላ ለምን ነበር? የባትሪው መያዣ ቢጎዳ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ስንጠይቅ ዋጋ የሚነግረን ጠፋ፤ ዕቃው ከውጭ ሲመጣ ይታያል ተባልን።

ስለዚህ ብየዳ ቤት ሄደን የሆድ ብረት አሠራን። ወፍራም ላሜራ ነው፤ ከድንጋይ ያድነዋል፣ በዚያው ልክ ከምንጭነው ላይ ይቀንስብናል። ለምርመራ ስናስገባው ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየና ከፋብሪካው ያልመጣ ነገር ስለተገጠመ ዋስትናው ላይሠራ እንደሚችል ነገረን። ይሁን፤ እንግዲያስ ፋብሪካው ራሱ ለዚህ አገር መንገድ የሚሆን ብረት ሠርቶ፣ ሽፋኑን በፕላስቲክ ቁልፍ ሳይሆን በብሎን አስሮ፣ ትንሿን ባትሪ ሁለት አድርጎ ይላክልን። ዋጋውን ጨምሮ ይጠይቀን፤ እንከፍላለን። እስከ ዛሬም ከፍለን ነው የተጎዳነው።