ሕጉ ግሩም ነው፤ መተርኮሻ አምጣልኝ

የትምባሆ ቁጥጥር ሕጉን የሚቃወም ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ካገኛችሁ ለእኔም አሳዩኝ። አጫሹ ይደግፈዋል። የማያጨሰው ከአጫሹ በላይ ይደግፈዋል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤትማ ድጋፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፦ «ማጨስ ክልክል ነው»። ከማስታወቂያው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ መተርኮሻ አለ፤ አስተናጋጁም እየተመላለሰ ይደፋዋል፣ ይወለውለዋል። ቤቱ ለጤና የሚጨነቅ ቤት ነዋ!

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እኮ የዋዛ አዋጅ አይደለም። በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ጣሪያ ሥር ማጨስን ጨርሶ ከለከለ። የሲጋራ ማስታወቂያን አገደ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን አገደ፤ የፓኮውን ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሸፈነ። ስለ እሱ ስናወራ ደረታችንን ነፍተን ነው፤ በዚያው በተነፋ ደረት የጎረቤታችንን ጭስ እንስባለን።

ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ራቁ የምትለዋን ድንጋጌ የጻፉት ሰዎች ግን ቦሌን በእግራቸው ያልሄዱ ይመስለኛል። ከአንዱ ቡና ቤት 10 ሜትር የሸሸ አጫሽ ራሱን የሚያገኘው የሌላው ቡና ቤት በር ላይ ነው፤ ከዚያ ሲሸሽ ፋርማሲው ደጃፍ። ሕግ አክባሪ ልሁን ያለ ሰው የቀረው አማራጭ አስፋልቱ መሀል ቆሞ መለኮስ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሲጋራው ሳይገድለው ሚኒባሱ ይቀድመዋል።

ሕጉን የማስከበሩን ሥራ ከተቆጣጣሪዎች ተቀብለን ለይሉኝታ ያስረከብነው እኛ የማናጨሰው ነን፤ ምስጋናውም የእኛ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ለኩሶ፣ ሁለት ጊዜ ስቦ፣ ጭሱን ፊታችሁ ላይ ከለቀቀ በኋላ «ይረብሽሃል እንዴ?» ይላችኋል። ዓይናችሁ እንባ አቅርሯል፣ ጉሮሯችሁ እየተከረከረ ነው። መልሳችሁ ግን የታወቀ ነው፦ «ኧረ ምንም ችግር የለም፣ ተጫወት!» ከዚያ ማታ ቤት ገብታችሁ ጃኬታችሁን እያሸተታችሁ ለባለቤታችሁ «ይሄ አገር ሕግ የለውም» ትላላችሁ። ባለቤታችሁም ትስማማለች። እሷም ከመሥሪያ ቤቷ ያንኑ ሽታ ይዛ ገብታለች።

ጭሱን እንዲህ በክብር እንቀበል እንጂ አጫሹን ለቀነዋል ማለት አይደለም። ለሽምግልና ሲመጡ «ልጁ ያጨሳል» ከተባለ ነገሩ ይከብዳል። ሴት ካጨሰችማ አዋጁ ያልጻፈውን ቅጣት ገና ሳትለኩስ መንገድ ላይ ትቀበላለች። ሰውየውን በሌለበት ማውገዝ እንችልበታለን፤ በአካል ሲመጣ ግን ወንበር እንስብለታለን።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ የበለጠ ጨዋዎች ነን። ሾፌሩ ሲጋራ የያዘ እጁን በመስኮት አውጥቶታልና በእሱ ቤት ውጭ እያጨሰ ነው። ጭሱ ወደ ኋላ ሲመጣ አንድ ደፋር ተሳፋሪ መስኮት ይከፍታል። ወዲያው ከአራት አቅጣጫ ተቃውሞ ይነሣል፦ «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ብርድ ሊመታን ነው!» እኛን የሚገድለን ንፋስ ነው፤ ጭስማ ከእናታችን ማጀት ጀምሮ የምናውቀው ዘመድ ነው።

ሱቅ በደረቴ ይዞ የሚዞረውን ልጅም ሳላመሰግነው አላልፍም። ከ21 ዓመት በታች ላለ እንዳይሸጥ የሚጠበቅበት እሱ ራሱ 21 ሊሞላው ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ደንበኛውን መታወቂያ ቢጠይቅ «አንተስ የታለ?» ይባላል። ሲጋራውን የሚሸጠው በፍሬ ስለሆነ ገዢው ፓኮውን አያይም፤ አንዷን ፍሬ ተቀብሎ፣ በገመድ በተንጠለጠለው ላይተር ለኩሶ ይሄዳል። ያንን ሁሉ የማስጠንቀቂያ ሥዕል ደረቱ ላይ ተሸክሞ ሲያየው የሚውለው ሻጩ ልጅ ነው። ስለ ሳንባ ካንሰር በሰፈሩ ከሐኪም ቀጥሎ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

መንግሥትንም አንማው፤ ጊዜ መምረጥ ያውቅበታል። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2016 ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በዓመቱ ሌላ 31 በመቶ ገደማ በ434 ሚሊዮን ዶላር አከለለት። ብሩን ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ጤናችን እንቅልፍ ነሳውና አዋጁን አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 30 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ፣ በዚያ ላይ በየፓኮው 8 ብር ጣለ። አጫሹ አልተቀየመም። እንዲያውም ግብር ከፋይነቱን ካወቀ ወዲህ ሳሉ ራሱ የአርበኛ ሳል ሆኗል። ኒያላ ሲጋራም አልተጎዳም፤ ስሙን ያዋሰው ብርቅዬ አጋዘን ባሌ ተራራ ላይ ቁጥሩ ቢያሳስብም፣ ሲጋራው በየኪዮስኩ ተራብቷል።

ድሮ እንዲህ ያለ መግባባት አልነበረም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰን ሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። እኛ ሠልጥነን ቅጣቱን አሻሽለነዋል፤ ዛሬ ለአጫሹ ከንፈር ይመጠጥለታል።

እርምጃ አይወሰድም የሚል ሐሜተኛ ካለ ደግሞ ዜና ይመልከት። በየጊዜው ፖሊስ ሺሻ ቤቶችን ይፈትሻል፤ የተሰበሰበው የሺሻ ዕቃ ተከምሮ ሲቃጠል፣ ጥቁር ጭሱ ሲትጎለጎል በቴሌቪዥን እናያለን። እዚያው «ማጨስ ክልክል ነው» በተባለው ቤት ቢራውን ይዞ ዜናውን የሚከታተል አንድ ጎልማሳ ራሱን ይነቀንቃል። «ደግ አደረጓቸው! ትውልዱን እኮ ጨረሱት» ይላል፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ እንዳለ። አጠገቡ የተቀመጠው የማያጨስ ሰው በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ተስማምቶ ክብሪቱን ያቀብለዋል።