ኧረ የአስመራውን መንገድ!

ከአዲስ አበባ አስመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ቢበር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላውም። የእጅ ሰዓት መቀየር እንኳ አያስፈልግም። ታዲያ በረራው በተቋረጠ ቁጥር እናቱ አስመራ የታመመችበት ሰው ለምን ካይሮ ይንከራተታል?

ካይሮ ካልሆነ ዱባይ፣ ዱባይ ካልሆነ ኢስታንቡል። ካይሮ ድረስ አራት ሰዓት ያህል ይበራል፤ ትራንዚት ላይ ሰዓታት ይጎለታል፤ ከዚያ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ግድም ይመለሳል። ሲደመር ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የቀጥታው ስድስት እጥፍ! ወጣቱስ እንደምንም ይችለዋል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከአማርኛና ከትግርኛ በቀር የማያውቁ እናቶች ግን በባዕድ ኤርፖርት በዊልቸር ከበር በር ሲገፉ ማየት አንጀት ይበላል። ለቅሶ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ቀብር ላይ መድረስ ቀርቶ ሣልስቱም ያልፋል።

ስንቱን እንቻል! በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የተቋረጠው በረራ 20 ዓመት ቆየ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ፣ ለዓመታት የተለያዩ አባትና ልጆች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይተን አብረን አልቅሰናል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ አዲስ አበባ የአህጉሪቱን የጋራ የአየር ትራንስፖርት ገበያ አስጀምሮ ነበር። አበቃ፣ ከእንግዲህ ቅርቡ አይርቅም ብለን አመንን። በዛላምበሳ ድንበር የሚያልፈው የመኪና መንገድ መስከረም 1 ቀን 2011 ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። አውሮፕላኑ አለ ብለን ተጽናናን። ነሐሴ 28 ቀን 2016 እሱም ቆመ።

አንዱ ወገን ስለ ሻንጣ መጥፋትና መዘግየት ከሰሰ፤ ሌላው የባንክ ሒሳቤ ታገደ፣ ሁኔታው ከአቅሜ በላይ ነው አለ። ማን ልክ ነው የሚለውን የሚያውቁት ይከራከሩበት። ሻንጣም ሆነ የባንክ ሒሳብ ግን ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚፈቱት ጉዳይ ነው። ለዚህ ተብሎ ሽማግሌ ባሕር ተሻግሮ ጎረቤቱ ዘንድ የሚሄድበት ምክንያት የለም። መንግሥታት ሲኳረፉ መጀመሪያ የሚዘጋው በር ሁልጊዜ ይኸው የቤተሰብ በር መሆኑ በጣም ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

እናንተ የሁለቱ አገር ባለሥልጣናት፣ በሌላው ጉዳይ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ። የመንገደኛውን በረራ ግን ከጠባችሁ አውጡልን። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ለታመመበትና ለሞተበት ሰው መንገዱን ክፍት አድርጉለት።