«ያቺን ድምፅ አሰማን!»

ሆምስታር ራነር የሚባለው የኢንተርኔት ካርቱን ከፈረንጆቹ 2000 ጀምሮ በነፃ ይታያል። ክፍያ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሻይ ፉት እያሉ ማየት ይቻላል። ብልህ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ሠሪዎቹ መድረክ ላይ በአካል ይቀርባሉ ሲባል ትኬት ይቆርጣል፤ ለመኪና ማቆሚያ ይከፍላል፤ ከፊቱ በተቀመጠው ረጅም ሰውዬ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ፣ በቃሉ የሚያውቀውን ሰምቶ ይመለሳል።

ሠሪዎቹ ማይክ እና ማት ቻፕማን የሚባሉ የአትላንታ ወንድማማቾች ናቸው። ሆምስታር የተወለደው በ1996፣ እኛ በኃይሌ ገብረ ሥላሴና በፋጡማ ሮባ ወርቅ በምናስታውሰው የአትላንታ ኦሊምፒክ ክረምት፣ ማይክ ከጓደኛው ጋር ለቀልድ በሠራው የልጆች መጽሐፍ ነው። የወንዶቹን ገጸ ባሕርያት ድምፅ ከሞላ ጎደል ማት ብቻውን ያወጣዋል። ጭንብሉን የማያወልቀው፣ በቦክስ ጓንት ኪቦርድ የሚደበድበው ስትሮንግ ባድም እሱ ነው።

የስትሮንግ ባድ ሥራ ምን መሰላችሁ? ተመልካች የላከለትን ኢሜይል እያነበበ በላኪው ላይ መሳለቅ። ፊደል ገድፈሃል ይላል፣ በስም ይቀልዳል፣ ጥያቄውን ያጣጥላል። ትሮግዶር የተባለው ዝነኛ ዘንዶ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። በ2003 ዘንዶ እንዲስል ቢጠየቅ፣ ኤስ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈና ጥርስና ክንፍ አበጀላት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ጡንቻማ ክንድም ገጠመላት። እንዲህ ያለውን ስድብ ለዓመታት በስክሪን ሲቀበል የኖረ ደንበኛ፣ አሁን ከፍሎ ፊት ለፊት ልሰደብ ቢል ይፈረድበታል?

የምሽቱ ዋና ሰዓት ግን የጥያቄ ሰዓት ነው። ማይክሮፎኑን የጨበጠው ባለ ጺም ጎልማሳ፣ ያ የዘንዶው ጡንቻማ ክንድ በቲሸርቱ ደረት ላይ ታትሞ፣ መጀመሪያ ካርቱኑን ያየው በስንት ዓመቱ እንደሆነ ያወራል። ቀጥሎ ኮሌጅ ሳለ አብሮት ያድር የነበረው ልጅ ወሬ ይነሳል። ከዚያ ካርቱኑ ይሠራበት የነበረው ፍላሽ የተባለው ሶፍትዌር በ2020 መጨረሻ ሲቋረጥ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ። ወንድማማቾቹ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጥያቄው በመጨረሻ ይመጣል፤ «ያቺን ድምፅ ታሰማናለህ?»

ማት ያሰማል፤ ምን ያድርግ። ችግሩ ድምፁ የሚወጣው ከአንድ ጨዋ ጎልማሳ አፍ መሆኑ ነው። ጭንብል የለ፣ ጓንት የለ። ሰውየውን በአካል ለማየት ሰዓታት ነድቶ የመጣ ሁሉ፣ ድምፁ ሲደርስ የሰውየው ፊት ያስቸግረዋል። ምስጋና ለስልክ! አዳራሹ በአንድ ጊዜ እጁን ያነሳል፤ በስክሪኑ ውስጥ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያንሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ሲያስፈልግም ይቆማል። አንዳንዱ እንዲያውም ካሜራውን ከሠሪዎቹ ጀርባ ወደተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ያዞራል። ቤቱ በነፃ የሚያየውን ካርቱን ከስክሪን ላይ በስክሪን ቀድቶ ቤቱ ይወስዳል። ከዚህ በላይ ቁጠባ ከየት ይመጣል!

እኛም የምናውቀውን ከፍሎ ለመስማት ጥበብ እንግዳ አይደለንም። ዘፋኙ አዲስ አልበሙን ተሸክሞ አትላንታ ወይም ዋሽንግተን ሲመጣ ከአዳራሹ ጀርባ «የድሮውን!» የሚል ወገን አይጠፋም። ምስኪኑ ሦስት ዓመት ስቱዲዮ የከረመው ለራሱ ጤና ኖሯል።

ወደ ወንድማማቾቹ አዳራሽ እንመለስና፣ ቲሸርት መግዛት እንዳትረሱ። በቀልድ አይደለም፤ ወንድማማቾቹ ማስታወቂያ ሳይለጥፉ የኖሩት ቲሸርት እየሸጡ ነው፣ ደግ አደረጉ። የዛሬ ሃያ ዓመት የገዛችሁት እምብርት ላይ ቀርቶ ከሆነም ይኸው ሌላ አለላችሁ፤ ዘንዶው ያው፣ ክንዱ ያው፣ ልኩ ብቻ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ። መቼ እንደሚገዛ ማወቅ ነው ዋናው። ወንድማማቾቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አሁን ደግሞ ማንም ያላየው አዲስ ሥራ እናሳያችሁ» ሲሉ፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ በሩ ማምራት። ፈጠን ማለት ግን ያስፈልጋል፤ አዳራሹ ሙሉ ያቺን ደቂቃ ሲጠብቅ ነው ያመሸው፣ ሰልፉ ወዲያው ደረጃው ድረስ ይወርዳል።