ፓምፑ ሳይጠየቅ

አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ማስነጠስ ስትጀምር፣ ኮፈኗ ሳይከፈት ብይኑ ይሰጣል፤ «ቤንዚን ፓምፗ ነው!» ፈራጅ አይጠፋም። መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ሳይቀር መንገድ ተሻግሮ ይመጣል። አንዱ የአጎቱን መኪና እየጠቀሰ ይመሰክራል፤ ሌላው ሲጋራውን እንደያዘ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ያሸታል። (ቤንዚን ይፈስሳል ብሎ ጠርጥሮ በእሳት የሚመረምር ሰው ድፍረቱ ያስቀናል።) ከዚያ ሶማሌ ተራ ይኬዳል፣ ፓምፕ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ መኪናዋም ሰንብታ ያችኑ ዳገት ስታገኝ ታስነጥሳለች። ፓምፕ አይበላሽም የሚል ክርክር የለኝም፤ ይበላሻል። ክርክሬ ሳይለካ አይፈረድበት ነው።

ምክንያቱም ነዳጅ የተራበ ሞተርና እሳት ያጣ ሞተር የሚያሰሙት እሮሮ አንድ ነው። ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ያረጀ ካንዴላ መኪናዋን ልክ እንደ ደካማ ፓምፕ ያንገጫግጫታል። በነዳጁ መንገድ ላይም ቢሆን ተጠርጣሪው ብዙ ነው፤ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ወንፊት፣ ፊልትሮው፣ የተጣመመ ቱቦ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ፓምፑን የሚያበራው ሪሌ፣ የዛገ የኔጌቲቭ ሽቦ። መብራት በወጉ ያልደረሰውን ፓምፕ ሰነፍ ነው ማለት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። በዚያ ላይ «ፓምፕ» የምንለው አንድ ዕቃ አይደለም። የድሮዋ ቶዮታ ዲኤክስ ፓምፕ ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ በካምሻፍቱ የሚገፋ ሲሆን ለካርቡራቶሯ 0.3 ባር እንኳ ይበቃታል። የፓምፑ ሸራ ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ስለሚገባ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ ማሽተት ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራችው ባለ ኢንጀክተር ኮሮላ ግን ሰልባትዮዋ ውስጥ የተነከረ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አላት፤ የምትፈልገውም ግፊት ወደ 3 ባር ይጠጋል። የአንዷን ምርመራ ለሌላዋ ማዋል አይሠራም።

«ጥሩ መካኒክ በጆሮው ያውቃል፣ የግፊት ጌጅ ለጀማሪ ነው» የሚሉ አሉ። ጆሮ የሚነግረን ፓምፑ መዞሩን ነው፤ ምን ያህል እንደሚገፋ አይነግረንም። መዞሩን በመንገርም ያሳስታል። በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ስለበራ ብቻ ፓምፑ አይነሳም፤ ሞተሪኖው ሲዞር ነው መብራት የሚያገኘው። የኋላ ወንበር ላይ ጆሮውን ለጥፎ «ዝም አለ፣ ሞቷል» የሚለው ሰው የቀበረው ጤነኛ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ኤፍ ፒ» እና «ፕላስ ቢ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ማብራት ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ይሠራል። ጌጁ ከመገጠሙ አስቀድሞ ግን ግፊቱ ይቀንስ፣ መፍቻው ሥር ጨርቅ ይደረግ፣ ባለ ሲጋራውም ራቅ ይበል።

ጌጁ ሲገባ ነገሩ መልክ ይይዛል። የመቆጣጠሪያው የቫክዩም ቱቦ ተነቅሎ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ ካነበበ ክሱ ላልቷል፤ ቱቦው ሲመለስ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ንባቡ ወደ 30ዎቹ መጀመሪያ ይወርዳል። ካልወረደ ጥያቄው ለመቆጣጠሪያው ነው። ነቅለው የያዟትን ያችን ቀጭን ቱቦ አፏን ይዩዋት፤ ቤንዚን ካረጠባት የመቆጣጠሪያው ሸራ ተቀዷል፣ ጥቁር ጭሱና የነዳጅ ፍጆታውም ከዚያው ነው። ግፊቱ አንሶ ከሆነ የነዳጅ መመለሻውን ጎማ ለአፍታ ጨብጦ ማየት ነው። ንባቡ ሽቅብ ከተተኮሰ ፓምፑ ጉልበት አለው፣ የሚያፈስሰው መቆጣጠሪያው ነው፤ ካልተነቃነቀ ፊልትሮው፣ ወንፊቱና የፓምፑ ሽቦ ይታያሉ፣ ፓምፑ ወረፋውን ይጠብቃል። ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላም ቢያንስ 21 ፒኤስአይ መቅረት አለበት፤ ጠዋት ደህና ተነስታ ከምሳ በኋላ የምታስለምን መኪና ብዙ ጊዜ የምትወድቀው እዚህ ፈተና ላይ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ቀየርነው፣ ተሻላት፤ ምን ቀረ?» የሚለው ነው። ፓምፑ ሲወጣ ግን አብሮት የታፈነው ወንፊት ይቀየራል፣ የዛገው ሶኬት ተነቅሎ ይሰካል፣ ከሰልባትዮው ሥር የተጠራቀመው ውኃና ደለል ይቀዳል። ምስጋናው ለማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ነዳጅ ሲጠፋ ከጀሪካን እየተገለበጠላት፣ የነዳጅ መብራቷ በርቶ የምትከርም መኪና አዲሱንም ፓምፕ ትገድለዋለች፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተነከረበት ነዳጅ ነውና። ደግሞም ቆማ ደህና የምታነብ መኪና ዳገት ላይ ልትዋሽ ትችላለች። ስለዚህ ጌጁ በረጅም ጎማ ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ ታስሮ እንጦጦን መውጣት ነው፤ ሞተሩ ሲያስነጥስ ቀስቱ ከወረደ ነዳጅ ነው፣ ቀስቱ ሳይነቃነቅ ካስነጠሰች ደግሞ ቦቢናው ይጠየቅ።